እንቁላሏና ዘሩ የት ላይ ተላለፉ? ስለ ሰው ሰራሽ ማዳቀል ግልጽ ማብራሪያ

ልጅ ፈልገው ወር የሚቆጥሩ ጥንዶች «ሰው ሰራሽ ማዳቀል» ሲባሉ ብዙ ጊዜ የሚታያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብልቃጥ ውስጥ የተፈጠረ ሕፃን። በዚህ የተነሣ አንዳንዱ «እሱማ የመጨረሻው መጨረሻ ነው» እያለ ዓመታት ያሳልፋል። ሌላው ደግሞ በጥቂት ኪኒን ወይም በአሥር ደቂቃ ሥራ ሊፈታ የሚችል ችግር ይዞ ከከባዱ ሕክምና ይጀምራል። የመጀመሪያው ዕድሜ ያስከፍላል፤ ሁለተኛው ገንዘብና ድካም።

ዘዴዎቹ ብዙ ናቸው፤ ሥራቸውም ይለያያል። እያንዳንዱን ዘዴ መንገድ በተቆረጠበት ቦታ ላይ እንደሚሠራ ድልድይ ቁጠሩት። የቱንም ያህል የተዋበ ድልድይ መንገዱ ባልተቆረጠበት ቦታ ቢሠራ አያሻግርም። ስለዚህ «የትኛው ሕክምና ይሻላል?» ከማለት በፊት «እንቁላሏና የወንዱ ዘር የት ላይ ነው የተላለፉት?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። እኛም ያንኑ መንገድ ተከትለን እንሂድ።

መንገዱ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል?

በእያንዳንዱ የወር አበባ ዑደት መጀመሪያ ላይ በሴቷ እንቁልጢዎች ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ማደግ ይጀምራሉ። ፎሊክል ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ እንቁላል ይዘዋል። አብዛኛውን ጊዜ አንዷ ቀድማ ትወጣና ሌሎቹ ይከስማሉ። መሪዋ ፎሊክል 20 ሚሊሜትር ገደማ ስትደርስ ትፈነዳለች፤ እንቁላሏም ትለቀቃለች። የማህፀን ቱቦው ጫፍ እንደ ጣት የተዘረጋ ነውና ይቀበላታል። ከዚህ በኋላ እንቁላሏ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው።

የወንዱ ጉዞ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ የሚፈስሰው የዘር ፈሳሽ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዘር ይይዛል። አብዛኛው የማህፀን በር ላይ ይቀራል። በሩ በወሩ ውስጥ በአብዛኛው ቀን በወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ የተዘጋ ሲሆን፣ እንቁላል ሊለቀቅ ሲል ግን ፈሳሹ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ ክፍል ይቀጥንና መንገድ ይከፍታል። በመጨረሻ እንቁላሏ አጠገብ የሚደርሱት ምናልባት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ከእነዚያ የሚገባው አንድ ነው። የሚገናኙትም ብዙ ሰው እንደሚመስለው ማህፀን ውስጥ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ ነው። የተፈጠረው ፅንስ እየተከፋፈለ ቀስ ብሎ ይወርድና ከ5 ወይም 6 ቀን በኋላ ማህፀን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊኖር ይችላል፤ እንቁላል ግን ከአንድ ቀን አያልፍም። ስለዚህ የተሻሉት ቀናት እንቁላል ከመለቀቋ በፊት ያሉት ናቸው። ከተለቀቀች በኋላ መሮጥ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ጣቢያ እንደመድረስ ነው።

ሁሉ ነገር የተሟላላቸው ወጣት ጥንዶች እንኳ በአንድ ወር ውስጥ የማርገዝ ዕድላቸው ከ20 እስከ 25 በመቶ ገደማ ነው። ሦስትና አራት ወር ባዶ ማለፉ በራሱ የበሽታ ምልክት አይደለም።

ታዲያ መቼ ነው ሐኪም ጋር የሚኬደው?

የዓለም ጤና ድርጅት መካንነት የሚለው ያለ መከላከያ በመደበኛነት ግንኙነት እየተደረገ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ እርግዝና ሳይፈጠር ሲቀር ነው። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ ከ6 ሰው 1 ገደማ በሕይወቱ ይህ ያጋጥመዋል። ቃሉ የዕድሜ ልክ ፍርድ ይመስላል፤ ሕክምናው የሚናገረው ግን ስለ ጊዜ ነው። ሊታከም የሚችል ሁኔታ ስም ነው እንጂ የሰው ስም አይደለም። እኔም «መካን» የሚለውን ለሰው መለያ አድርጌ አልጠቀምበትም።

ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት ግን አንድ ዓመት መጠበቅ የለባትም፤ 6 ወር ይበቃል። ከ40 በላይ ከሆነች ወዲያውኑ መሄድ ነው። በማንኛውም ዕድሜ ደግሞ የወር አበባዋ ወራት እየዘለለ የሚመጣ፣ ከዚህ ቀደም ከማህፀን ውጭ እርግዝና ወይም ከባድ የማህፀን ኢንፌክሽን የነበራት፣ ወይም ከሁለቱ አንዳቸው የካንሰር ሕክምና የወሰዱ ከሆነ መጠበቁ ትርጉም የለውም።

ዕድሜ ለምን እንዲህ ይከብዳል? ሴት ልጅ በሕይወቷ የሚኖሯትን እንቁላሎች ይዛ ነው የምትወለደው፤ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚሆኑ። አዲስ አይፈጠሩም። ከቁጥራቸው መቀነስ ይልቅ ከባዱ ግን ከ35 በኋላ የክሮሞሶም ስህተት ያለባቸው እንቁላሎች ድርሻ እየጨመረ መምጣቱ ነው። እንዲህ ያለ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ወይ አይፀነስም፣ ወይ አይለጠፍም፣ ወይ ውርጃ ይሆናል።

ምርመራው ከማን ይጀምራል?

ከሁለቱም፣ በአንድ ቀን። ይህን ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም። መውለድ ካልቻሉ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ አለበት። ሆኖም ሴቷ ደም ሰጥታ፣ አልትራሳውንድ ታይታ፣ ቱቦዋ በቀለምና በራጅ ተፈትሾ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ወንዱ ገና አንድ ጊዜም ያልተመረመረበት ቤት ብዙ ነው። የእሱ ምርመራ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ መርፌ የለው፣ ሕመም የለው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከመፍሰስ ታቅቦ የዘር ፈሳሹን በንጹሕ ዕቃ መስጠት ነው።

ላቦራቶሪው በዋናነት ሦስት ነገር ያያል፦ ብዛት፣ እንቅስቃሴ፣ ቅርጽ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በአንድ ሚሊሊትር 16 ሚሊዮን ዘር ነው፤ ከጠቅላላው 42 በመቶው መንቀሳቀስ፣ 4 በመቶው ደግሞ የተስተካከለ ቅርጽ ሊኖረው ይገባል። «4 በመቶ ብቻ ደህና ነው» የሚል ወረቀት ይዘው የሚደነግጡ ወንዶች አሉ። አትደንግጡ፤ እሱ ጤናማ ውጤት ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች በታች መሆንም ልጅ አይወለድም ማለት አይደለም።

አንድ መጥፎ ውጤት ላይ ተመሥርቶ መወሰን አያስፈልግም። አንድ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ የዛሬው ውጤት የዛሬ ሁለት ወር የነበረውን ጤና ነው የሚያሳየው። ያኔ ከባድ ትኩሳት ከነበረ አሁን ይታያል። ምርመራው ከወራት በኋላ ይደገማል።

እዚህ ላይ ወጣት ወንዶች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰደው የቴስቶስቴሮን መርፌ ዘር ማምረትን ያቆማል። ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ወደ ዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ይተዋል። ወንድነትን ይጨምራል ተብሎ የተወሰደው መድኃኒት የዘሩን ቁጥር እስከ ዜሮ ሊያወርደው ይችላል። ብዙውን ጊዜ ሲቆም ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈልጋል።

በሴቷ በኩል የሚጠየቁት ሦስት ናቸው፦ እንቁላል ይለቀቃል ወይ? ቱቦዎቹ ክፍት ናቸው ወይ? ማህፀኑ ውስጥ የሚያደናቅፍ ነገር አለ ወይ? «ኤኤምኤች» የሚባለው የደም ምርመራ የቀረውን የእንቁላል ክምችት ለመገመት ይታዘዛል። ዝቅ ማለቱ ብዙ ሴት ያስለቅሳል። ምርመራው ግን የሚነግረው ለመድኃኒት ስንት እንቁላል እንደሚመልስ ነው እንጂ በዚህ ወር በተፈጥሮ ማርገዝ መቻል አለመቻሏን አይደለም።

ሁሉም ተመርምሮ ምክንያቱ የማይገኝበት ጊዜም አለ። «ምንም የለባችሁም» ተብሎ መመለስ ያበሳጫል፤ ቢሆንም ለእነዚህም ሕክምናው አለ።

ኪኒን ብቻ የሚበቃው ለማን ነው?

መንገዱ የተቆረጠው መነሻው ላይ ሲሆን፣ ማለትም እንቁላል በየወሩ የማይለቀቅ ከሆነ። ዋናው ምክንያት በአጭሩ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ነው። ሌትሮዞል ወይም ክሎሚፊን የሚባሉት ኪኒኖች በወር አበባው መጀመሪያ ላይ ለ5 ቀን ያህል ይወሰዱና ፎሊክል እንዲያድግ ይገፋሉ፤ ለፒሲኦኤስ ሌትሮዞል የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ክብደቷ ከፍ ያለ ሴት በመጠኑ ስትቀንስም ዑደቷ በራሱ ሊመለስ ይችላል። ሐኪም ሳያያቸው ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ግን አይሆንም፤ ብዙ ፎሊክል ባንድ ጊዜ ካደገ ሦስትና አራት ልጅ የማርገዝ አደጋ አለ።

አይዩአይ ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

«ሰው ሰራሽ ማዳቀል» የሚለው ቃል በትክክል የሚገልጸው ይህንን ነው። ዘሩ ተዘጋጅቶ በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። እንቁላሏ ከአካሏ አትወጣም፤ መገናኘቱም ሆነ መፀነሱ እዚያው ቱቦዋ ውስጥ በተፈጥሮ ነው የሚሆነው። ሐኪሙ የሚያደርገው የማህፀኑን በር ማሻገርና የቀረውን መንገድ ማሳጠር ብቻ ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ ጣሊያናዊው ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በዚህ ዘዴ ውሻ አስወልዷል።

የዘሩን ዝግጅት «ማጠብ» ይሉታል። ወንዱ ጠዋት የሰጠው ፈሳሽ መጀመሪያ እንደ ጄል የረጋ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀመጥ ይቀጥናል። ባለሙያዋ ከታች ወፈር ያለ ልዩ ፈሳሽ ባለበት ትንሽ ቱቦ ላይ ቀስ ብላ ትጨምረውና በሚሽከረከር ማሽን ታዞረዋለች። ሲቆም የሞተው፣ ደካማውና ቆሻሻው ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ብርቱው ዘር ወርዶ ታች ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ይጠራቀማል። ያንን ነጥብ ብቻ ታነሣለች፣ በንጹሕ ፈሳሽ ታጥበዋለች፤ በመጨረሻ ግማሽ ሚሊሊትር ገደማ ይተርፋታል። ሙሉው ጠብታዎች ናቸው።

ለምን እንዲህ ይለፋበታል? ያልታጠበ የዘር ፈሳሽ ማህፀንን በኃይል የሚያኮማትር ንጥረ ነገርና ጀርሞችም አሉበት። በተፈጥሮ መንገድ እነዚህን የሚያስቀረው የማህፀኑ በር ነው። በሩን ስንዘለው ማጣሪያውንም ዘለልነው ማለት ነው፤ ስለዚህ የማጣራቱን ሥራ ላቦራቶሪው ይተካል።

ዋናው ግን ሰዓት ነው። ፎሊክሏ በአልትራሳውንድ እየታየች ስትበስል እንቁላሏን የሚያስለቅቅ መርፌ ይሰጣል፤ አይዩአዩ ከመርፌው በኋላ ባሉት ከ24 እስከ 36 ሰዓታት ውስጥ ይሠራል። ማደንዘዣ አያስፈልግም። ብዙ ሴቶች ስሜቱን ከወር አበባ ቁርጠት ጋር ያመሳስሉታል። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

የሚጠቅመው የዘሩ ቁጥር ወይም እንቅስቃሴ በመጠኑ ሲቀንስ፣ ግንኙነት ማድረግ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ሲያስቸግር፣ የማህፀኑ በር ሲያደናቅፍ፣ ከለጋሽ የተገኘ ዘር ሲሆን፣ ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ሁለቱም ቱቦዎች ከተዘጉ ግን ፈጽሞ አይጠቅምም፤ ዘሩ ማህፀን ውስጥ ቢቀመጥም እንቁላሏ ወደማትደርስበት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቱቦ ክፍት መሆኑ ሳይረጋገጥ አይዩአይ መጀመር የለበትም። ይህ ሲዘለል ማየት በጣም ያሳዝነኛል፤ ሦስት ወር፣ ሦስት ተስፋ፣ ሦስት ክፍያ፣ መንገዱ ከመጀመሪያውም ዝግ ሆኖ።

በአንድ ሙከራ የመሳካት ዕድሉ በአብዛኛው 10 በመቶ አካባቢ ነው፤ እንደ ዕድሜና እንደ ምክንያቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ጊዜ ይሞከራል። ከዚያ በኋላ መደጋገሙ የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ደግሞ ቀድማ ወደሚቀጥለው ብትሻገር ይሻላል።

ቤት ውስጥ ቢደረግስ?

ኢንተርኔት ላይ መርፌ በሌለው ስሪንጅ እቤት ማድረግን የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። ፈሳሹ ብልት ውስጥ ብቻ እስከቀረ ድረስ ግንኙነት ለማድረግ ለተቸገሩ ባልና ሚስት ከግንኙነት የተለየ አደጋ የለውም። ያልታጠበ ዘር ወደ ማህፀን ውስጥ ለመግፋት መሞከር ግን ከባድ ሕመምና ኢንፌክሽን ያመጣል፤ በጭራሽ አይሞከርም። ካልተመረመረ ሰው ዘር መቀበልም ኤችአይቪና ሄፓታይተስን ወደ ቤት መጋበዝ ነው። ክሊኒኮች የለጋሽን ዘር አቀዝቅዘው ለወራት የሚያቆዩት ምርመራውን ደግመው ለማረጋገጥ ነው። አባት ማን ነው የሚለው የሕግ ጥያቄም በየአገሩ መልሱ ይለያያል።

አይቪኤፍስ ከዚህ በምን ይለያል?

በአይቪኤፍ እንቁላሏ ከአካል ትወጣለች፤ ከዘሩ ጋር የምትገናኘው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ወደ ማህፀን የሚመለሰው የተፈጠረው ፅንስ ነው። የተዘለለው የመንገድ ክፍል እንግዲህ ቱቦው በሙሉ ነው።

የተፈለሰፈውም ለዚሁ ነበር። ሐምሌ 25 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኦልድሃም የተወለደችው ሉዊዝ ብራውን በዚህ ዘዴ የመጀመሪያዋ ልጅ ናት፤ የእናቷ ቱቦዎች ዝግ ነበሩ። ሥራውን የሠሩት ሳይንቲስቱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ እና ነርስ ሆና ጀምራ ላቦራቶሪውን ትመራ የነበረችው ጂን ፐርዲ ናቸው። ኤድዋርድስ በ2010 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ሁለቱ ባልደረቦቹ ያኔ በሕይወት አልነበሩም። «እንዲህ የተወለደች ራሷ ትወልድ ይሆን?» ይባል ነበር። ሉዊዝ በተፈጥሮ መንገድ አርግዛ በ2006 እ.ኤ.አ. ወንድ ልጅ ወልዳለች። ዛሬ በዓለም ላይ በዚህ መንገድ የተወለዱት ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ሂደቱ ይህን ይመስላል። ሴቷ ከ8 እስከ 14 ቀን በየቀኑ ሆድዋ ላይ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ አብዛኛዋ ራሷ ትወጋዋለች። በየጥቂት ቀኑ በአልትራሳውንድ የፎሊክሎቹ ስፋት ይለካል። ሲበስሉ የመጨረሻው መርፌ በሰዓት ተቆጥሮ ይሰጣል፤ ሐኪሙ «ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል» ካለ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ምክንያቱም እንቁላሎቹ የሚወሰዱት ከ34 እስከ 36 ሰዓት በኋላ ነው፤ ቢዘገይ በራሳቸው ይለቀቁና አይገኙም። ለዚህ ሥራ በሚያስተኛ መድኃኒት ትተኛለች፤ ቀጭን መርፌ በብልት ግድግዳ በኩል ገብቶ የፎሊክሎቹን ውሃ ይመጥጣል። ውሃው ከክፍሉ ግድግዳ ማዶ ላለው ላቦራቶሪ ይሰጣል። ከዚያ «አንድ… ሁለት…» እያለ የሚቆጥር ድምፅ ይሰማል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁልቁለት ብዙ ሰው ቀድሞ አይነገረውም፤ ለዚህም ነው የሚጎዳው። ለምሳሌ 10 እንቁላል ተገኘ እንበል። ከእነዚህ የበሰሉት 8 ያህል ሊሆኑ ይችላሉ። በማግስቱ ጠዋት ከ16 እስከ 18 ሰዓት በኋላ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ሲያይ እንቁላሏ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ክብ ነጥቦችን ይፈልጋል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ሁለቱ ከታዩ ፀንሷል። ይህ የሚታየው በ5 ወይም በ6ቱ ላይ ይሆናል። 5ኛው ቀን ላይ ከመቶ በላይ ህዋስ ያለው፣ በመሃሉ ውሃ የያዘ ፅንስ የሚሆኑት ደግሞ 2 ወይም 3 ናቸው። ይህ ሁሉ ማነስ የላቦራቶሪው ጥፋት አይደለም። በተፈጥሮም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ማንም አያየውም።

መድኃኒቱ እንቁላሌን አይጨርስብኝም?

አይጨርስም። መጀመሪያ ላይ በየወሩ ብዙ ፎሊክሎች ተነሥተው አንዷ ብቻ እንደምታልፍ አይተናል። ሌሎቹ ያንኑ ወር የሚከስሙት አንጎል የሚልከው ሆርሞን ለአንዷ ብቻ የሚበቃ ስለሆነ ነው። መርፌው ይህን ሆርሞን ያበዛዋል፤ ስለዚህም ሊጠፉ የነበሩት ይድናሉ። ከሚቀጥለው ወር ድርሻ የሚወሰድ ነገር የለም።

ዘሩ በጣም ጥቂት ከሆነስ?

ኢክሲ የሚባለው ዘዴ ለዚህ ነው፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ከብራስልስ ነው የተሰማው። በተለመደው አይቪኤፍ አንዷ እንቁላል በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዘር መካከል ትተዋለች፤ አንዱ ራሱ ይገባል። በኢክሲ ግን ባለሙያው አንድ ዘር ብቻ ይመርጣል። ጭራውን በመስታወት መርፌው ጫፍ ጫን አድርጎ ያቆመዋል፣ ከጭራው ጀምሮ ወደ መርፌው ይስበዋል። በሌላ በኩል አንዲት እንቁላል ጫፉ በለሰለሰ የመስታወት ቱቦ ተይዛ ቆማለች፤ ስፋቷ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። መርፌው ሽፋኗን ገፍቶ፣ ገፍቶ፣ ድንገት ያልፋል፤ ዘሩም ይቀመጣል። ለአንዲት እንቁላል አንድ ዘር በቃ።

ፈሳሹ ውስጥ ምንም ዘር ባይገኝ እንኳ ተስፋው ወዲያው አይዘጋም። ዘር ፍሬው እያመረተ መውጫው ቱቦ ብቻ ከተዘጋ በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዶ ሕክምና በቀጥታ ከዘር ፍሬው ይወሰዳል። ምርቱ ራሱ ከቆመ ግን ፍለጋው ይከብዳል፤ ላይገኝም ይችላል። የወንዱ ዘር ደህና ሆኖ ሳለ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚደረግ ኢክሲ ጥቅሙ አልታየም።

«70 በመቶ እናሳካለን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ቁጥሩን ከመስማታችሁ በፊት ከስንት ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የደም ምርመራ «አዎ» ያለው ነው ወይስ የልብ ምት የታየው ወይስ ሕፃን ይዞ ወደ ቤት የተገባው? በእነዚህ ሦስቱ መካከል በደም ምርመራ ብቻ ታይተው የቀሩና የወረዱ እርግዝናዎች አሉ። የተካፈለውስ ለማን ነው? ፅንስ ለገባላቸው ብቻ ከተካፈለ መርፌ ጀምረው እንቁላል ያላገኙት፣ ፅንስ ያልደረሰላቸው ከስሌቱ ወጥተዋል። እናንተን የሚመለከተው ጥያቄ አንድ ነው፦ በእኔ ዕድሜ ሕክምናውን ከጀመሩ 100 ሴቶች ስንቶቹ ወለዱ?

ዕድሜን ያላካተተ መልስ መልስ አይደለም። በራሷ እንቁላል ለምትታከም ሴት በአንድ ፅንስ የመውለድ ዕድሉ ከ35 ዓመት በታች በጥሩ ክሊኒኮች ከ3 አንድ ገደማ ነው፤ ከ43 በኋላ ከ20 አንድ አካባቢ ይወርዳል። አይቪኤፍ የቱቦን መዘጋት ያልፋል፣ የዘርን ማነስ ያልፋል፤ የእንቁላልን ዕድሜ ግን አያልፍም።

ስኬቱን ይጨምራሉ ተብለው ሒሳብ ላይ የሚደመሩ ነገሮችም አሉ። ማህፀንን ከፅንሱ በፊት መቧጨር አንዱ ነበር፤ በትልቅ ጥናት ሲፈተሽ ጥቅም አልተገኘበትም። «ይህን ካላደረግኩ ምን አጣለሁ? በምን ጥናት ታወቀ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጉዳቱስ?

ሁለት ጉዳቶች ላይ ልቆይ። አንደኛው እንቁልጢዎቹ ለመርፌው ከልክ በላይ ሲመልሱ የሚመጣ ነው። ሆድ በፍጥነት ይነፋል፣ ክብደት በቀን ውስጥ ይጨምራል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ወጣት፣ ቀጭንና ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ላይ ይበዛል። ቀላሉ በራሱ ያልፋል፤ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሽንት ከቀነሰ ግን ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ሁለተኛው መንታ ነው። ዓመታት የጠበቁ ጥንዶች «ሁለት ይግባልን፣ ባንድ ጊዜ እንገላገል» ማለታቸው ይገባኛል። ነገር ግን መንታ ያለ ጊዜው የመወለድ፣ ትንሽ ክብደት የመያዝ፣ እናትየዋም ደም ግፊት የመያዝ አደጋዋ ይጨምራል። ጥሩ ፅንስ ካለ አንዱን አስገብቶ ሌላውን ማቀዝቀዝ ይሻላል። የቀዘቀዘ ፅንስ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል፤ የሚቀጥለው ሙከራም መርፌና እንቁላል ማውጣት አይፈልግም።

የሌላ ሰው እንቁላል፣ ዘር ወይም ማህፀንስ?

ማህፀን እንደ እንቁላል ቶሎ አያረጅም። ስለዚህ እንቁላሏ ያለቀባት የ45 ዓመት ሴት ከወጣት ለጋሽ በተገኘ እንቁላል ማርገዝ ትችላለች፤ ዕድሏም የሚለካው በለጋሿ ዕድሜ ነው። ማህፀን ለሌላት ሴት በሌላ ሴት ማህፀን ማሳደግ አንድ መንገድ ሲሆን፣ በስዊድን ደግሞ በንቅለ ተከላ ከተሰጠ ማህፀን በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ልጅ ተወልዷል። የእነዚህ ሕግ ከአገር አገር በጣም ይለያያል፤ አንዱ ጋ የተፈቀደው ሌላው ጋ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ከሕክምናው በፊት ሕግ አዋቂ ማነጋገር፣ ከዚያም በፊት ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ «ለልጁ መቼና እንዴት እንነግረዋለን?» የሚለውን መጨረስ ይቅደም።

ፅንሱ ከገባ በኋላ ልተኛ?

አያስፈልግም። የማህፀኑ ሁለት ግድግዳዎች ተጣብቀው የተቀመጡ ናቸው፤ ፅንሱ በመካከላቸው ማር በተቀባ ዳቦ መሃል እንደገባች የሰሊጥ ፍሬ ነው። ብትነሺ፣ ብታስነጥሺ፣ ሽንት ቤት ብትሄጂ አይወድቅም። ለቀናት አልጋ ላይ መቆየት ዕድሉን አልጨመረም።

ከ9 እስከ 14 ቀን ያለው መጠበቅ ግን ከመርፌው ይልቅ የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው። በዚህ መሃል እቤት በሽንት መመርመር ያታልላል፤ እንቁላል ለማብሰል የተወጋው የመጨረሻ መርፌ ብዙውን ጊዜ ራሱ የእርግዝና ሆርሞን ነውና ደም ውስጥ ከሳምንት በላይ ቆይቶ የሌለውን እርግዝና «አለ» ሊያሰኝ ይችላል። ጥቂት ደም መታየትም ሁልጊዜ ማብቂያ አይደለም፤ ደም አይተው እርግዝናቸው የቀጠለ አሉ። ስለዚህ ደም ቢታይም ማህፀኑን የሚያዘጋጀውን የፕሮጄስትሮን መድኃኒት በራስሽ አታቁሚ፤ ክሊኒኩ ደውሎ የደም ምርመራውን ቁጥር እስኪነግርሽ ድረስ ውሰጂው።